እሺ የማይለው ጉታ

የጉታን ሞት የሰማሁት ከቴሌግራም ነው። ጠዋት ሰበታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ስከፍት፣ ለወራት ድምፁ ጠፍቶ የነበረው የድሮ መሥሪያ ቤታችን ልጆች ግሩፕ በሻማ ምስል ተሞልቷል። የማን እንደሆነ ለማየት ወደ ላይ እየሳብኩ ስሄድ የጉታን ፎቶ አገኘሁ። ከሥሩ ዮናስ «ጀግናችን! ለመብታችን የታገልክልን ወንድማችን፣ ነፍስህን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጽፏል። ሐዘኑ በኋላ ነው የመጣው። ቀድሞ የመጣው ንዴት ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ጉታን «ተሽጧል» ብሎ በቢሮው ያስወራው ይኸው ዮናስ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «እህቴ፣ ትሄጃለሽ አትሄጂም?» ብላ ገፋችኝ።

ጉታ ደበላ የስትራክቸር መሐንዲስ ነበር። እኔ አርክቴክት ነኝ። ሰው የሁለታችንን ሥራ ልዩነት ሲጠይቀን መልሱን የሚሰጠው እሱ ነበር፤ «እሷ ሕንፃውን ታሳምራለች፣ እኔ እንዳይወድቅ እለምነዋለሁ» ይላል። አብረን የሠራነው ዓለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥበት ሕንፃ ላይ በነበረ የዲዛይን ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮው እዚያ የሆነው ኪራዩ ስለሚረክስ ነው እንጂ ሥራው ከየትም ይመጣ ነበር፤ ከቡራዩ ሆቴል፣ ከሱሉልታ መጋዘን፣ ከለገጣፎ ቪላ። ቀኑን ሙሉ ታች ቆርቆሮ ሲጫንና ሲወርድ ይንኳኳል፣ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ እኛ ላይ ሆነን የሰው ቤት እንስላለን።

ባለቤቱ አቶ መኮንን ይባላሉ፤ እሳቸውም መሐንዲስ ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለን ነበር። ግን ሠራተኛ ወላጅ ሲሞትበት ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ልጅ ሲወለድለት በግ አስጭነው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ችግራችን አንድ ቃላቸው ነበረች። «እዚህ አለቃና ሠራተኛ የለም፤ ቤተሰብ ነን» ይላሉ። «አቶ» ሲሏቸው ይከፋቸዋል፤ «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በጀርባው «አንድ ቤተሰብ» የሚል ቲሸርት አሠርተውልን፣ ሐሙስ ሐሙስ እሱን ለብሰን ቁርጥ ቤት ይወስዱናል። ቤተሰብ ስለሆንን ቅዳሜ ከሰዓት ለሥራ ስንጠራ ለምን አንልም። ቤተሰብ ስለሆንን የዓመት ፈቃድ ስንጠይቅ ፊታቸው ይጠቁራል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ቤተሰብ ስለሆንን፣ ስንቀጠር «ለማመሳከር» ተብሎ የተወሰደው ኦርጂናል ዲግሪያችን ከወንበራቸው ጀርባ ባለው ግራጫ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ።

ይህን ያላየ ሰው «ወረቀት አይደል እንዴ?» ይላል። ሌላ ቀጣሪ ኦርጂናሉን በዓይኑ ካላየ አይቀጥርህም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንዴ ከሰጠህ፣ ጠፍቶብኛል ብለህ የፖሊስ ማስረጃ ካላመጣህ በቀር ሌላ አይሰጥህም። ስለዚህ በዚያ ቢሮ ውስጥ ያለን የተማርን ሰዎች ሁሉ ከአንድ ካዝና ጋር ታስረን ነበር። ማስታወቂያ እናያለን፣ እንቃጠላለን፣ ኮሪደር ላይ ቆመን አቶ መኮንንን እናማለን፤ በራቸው ሲከፈት «እሺ ጋሼ» ብለን ወደ ጠረጴዛችን እንመለሳለን።

ጉታ ሲመጣ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ትከሻውን ነው። የሚቀመጥበት ወንበር ሁልጊዜ የሚያንሰው ይመስል ነበር። ሲያስብ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካና ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛውን እያተራመሰ እርሳሱን ይፈልጋል። «ጆሮህ ላይ» እንለዋለን። «ሰምቻለሁ» ብሎ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ወላጆቹ ተፍኪ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱም በአጨዳ ሰሞን ቅዳሜና እሁድ እዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት ታዲያ መግቢያው ላይ ያለው የአሻራ ማሽን አያውቀውም። ጣቱ በማጭድና በጭድ ተልጦ ይመጣል፤ ማሽኑ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይለዋል። ይሞክራል። እንደገና ይለዋል። እኛ ከኋላው ተሰልፈን በሳቅ እንሞታለን። አንድ ሰኞ አቶ መኮንን መጥተው «ጉታ፣ ልጄ፣ አርፍደሃል ይላል እኮ ማሽኑ» አሉት። «ማሽኑ አላወቀኝም አቶ መኮንን። እርስዎ ካወቁኝ ይበቃል» አላቸው። አንቱታውን አይነሳቸውም፣ ሲገቡ ብድግ ይላል፤ «ጋሼ» ግን ብሎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጋሼማ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ ዲግሪዬን አልያዘብኝም» አለኝ።

«እሺ» ደግሞ አይልም። ይህ በአማርኛ ለሚኖር ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። እኛ ቢሮ ውስጥ «እሺ» የማይባልበት ደቂቃ አልነበረም። «እሺ» ማለት አልሠራውም ማለት ነው፣ ተወኝ ማለት ነው፣ ነገ ትረሳዋለህ ማለት ነው። ጉታ ግን ትእዛዝ ሲሰጠው «ሰምቻለሁ» ይላል። አቶ መኮንን በዚህ ነገር ይንገበገቡ ነበር።

«ሰምተሃል አይደል? ታዲያ እሺ በለኛ!»

«ሰምቻለሁ አቶ መኮንን።»

አንድ ጊዜ ቡራዩ ላይ ሆቴል የሚያሠራ ባለሀብት መጣና የሠርግ አዳራሹ መሀል ያለው ኮለን ይውጣልኝ አለ። ኮለን የላይኛውን ፎቅ ሁሉ የተሸከመ የኮንክሪት ምሰሶ ነው። «ሙሽሮቹን ይጋርዳል» አለ ሰውየው። አቶ መኮንን ሳያቅማሙ «ጉታ፣ ልጄ፣ አውጣለት» አሉ።

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ ይደርሳል?»

«ሰምቻለሁ አልኩ እንጂ ይወጣል አላልኩም።»

ባለሀብቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጉታ ግን ሳምንት ሙሉ ሲያሰላ ከረመና ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። «ይሄን የሙሽሮች መድረክ ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ብታዞሪው ምን ይጎድልሻል?» አለኝ። አዞርኩት። ኮለኑ አልተነካም፤ የዞሩት ሙሽሮቹ ናቸው። አቶ መኮንን በመጨረሻ ባለሀብቱ ሲያመሰግናቸው ደረታቸውን ነፍተው ተቀበሉ፤ ጉታን ግን «የአንድ ቀን ሥራ ሳምንት አስፈጀህ» ብለው ተቆጡት።

ያን ሰሞን በባጃጅ ወደ ሰበታ ስንመለስ ጠየቅኩት። «እሺ ብትል ምን ትሆናለህ? አፍህ ይጣመማል?»

«እሺ ካልኩ ላደርገው ነዋ» አለኝ።

«ሁላችንም እሺ ብለን አይደል እንዴ የማናደርገው?»

«እሱማ የናንተ እሺ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ያኔ እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ስለራሱ የነገረኝ ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

ነገሩ የተቀጣጠለው በቅድስት ምክንያት ነው። ቅድስት የኤሌክትሪክ መሐንዲሳችን ነበረች። ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ ትምህርት አገኘችና ኦርጂናሏን በቀነ ገደቡ ማሳየት ነበረባት። አቶ መኮንን «እንነጋገርበታለን ልጄ» አሏት። በማግስቱም እንዲሁ አሏት። ለመስክ ሥራ ሱሉልታ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ራሳቸውን አሟቸው ዋሉ፤ ቀኑ አለፈ። ቅድስት ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ድምጿ እስከ ፕላን ማተሚያው ክፍል ይሰማ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ቁርጥ ቤት ሄድን፤ ቲሸርታችንን ለብሰን። አቶ መኮንን ጮማ እየቆረጡ ሲያጎርሱን የጉታ ተራ ደረሰ። ጎረሰ፣ በደንብ አኘከ፣ ዋጠ።

«ሥጋው ጥሩ ነው አቶ መኮንን» አለ። «ዲግሪያችንስ?»

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢላ የያዘ ሁሉ አስቀመጠ። አቶ መኮንን «ማዕድ ላይ ነን ልጄ» አሉ። ጉታ «ሌላ ቦታ ስላላገኘንዎት ነው» አለ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተር መክፈት አቆምን። ሐሳቡ የጉታ ነው፤ ደንቡም የሱ ነው። በሰዓታችን እንገባለን፣ አሻራ እንሰጣለን፣ ወንበራችን ላይ እንቀመጣለን፣ ማንንም አንሰድብም፤ ኮምፒውተር ግን አንከፍትም። ሁሉም ዲግሪ በአንድ ቀን፣ በአንድ ላይ ይውጣ ነው ጥያቄው። አቶ መኮንን መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ተቆጡ። የሱሉልታው ትልቅ መጋዘን ማስረከቢያ ሲቃረብ ደግሞ አንድ በአንድ እየጠሩ ማባበል ጀመሩ። ዮናስ፣ እንደኔው አርክቴክት የሆነ ጮሌ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በዚያ ሳምንት እንደሱ የሚጮህ አልነበረም። «እስከ መጨረሻው!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።

ጉታን ሲጠሩት በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ካዝናው ተከፈተ። «ይኸው ያንተ። ውሰድና ማንም ሳያይ ቦርሳህ ውስጥ ክተተው። የነሱን ቀስ ብለን እናየዋለን» አሉት። ጉታ «ሰምቻለሁ» ብሎ ባዶ እጁን ወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን መፈለግ ጀመረ፤ ጆሮው ላይ ነበር። ማንም አልነገረው።

እሁድ ጥቂቶቻችንን ተፍኪ ወላጆቹ ቤት ወሰደን። የሽምብራ እሸት ወቅት ነበር፤ ያ ጥቁር መሬት ዓይን እስከሚያይበት አረንጓዴ ለብሷል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እሸት እየፈለፈልን አባቱ ኦቦ ደበላ የጉታን የምርቃት ፎቶ ከግድግዳ አውርደው አሳዩን። «ወረቀቱን መሥሪያ ቤቱ ነው ያስቀመጠለት» አሉን በኩራት። «እንደ ወርቅ ነው የሚጠብቁለት።» ጉታ አላረማቸውም። ዮናስ ሊናገር ሲል በክርኑ ጎሰመው።

«ይሄ ልጅ አሁንም እሺ አይልም?» አሉኝ ኦቦ ደበላ። «ድሮም እንዲሁ ነው። ውኃ አምጣ ስለው ‹ሰምቻለሁ አባ› ይለኛል፤ እንደ ዳኛ! ውኃውን ግን ያመጣል።»

እየሳቅን ሳለ የግቢው በር ላይ ሽማግሌዎች ብቅ አሉ። አንዱ የአጥቢያው ቄስ ናቸው፣ አንዱ ጉታን ክርስትና ያነሱት አባት፣ አንዱ የመንደሩ የዕድር ዳኛ። ከአጥሩ ባሻገር፣ መንገዱ ላይ፣ የአቶ መኮንን ነጭ ፒክአፕ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወደኛ ላለማየት ስልኩን ይነካካል። ያን መኪና ሳይ ማን እንደላካቸው ገባኝ።

ኦቦ ደበላ ተነስተው «ግቡ፣ ግቡ እንጂ! ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «ልጅህ እሺ ሳይለን አንቀመጥም።»

ጉታ ብድግ አለ። «ምኑን ነው እሺ የምለው አባቶቼ?»

«መጀመሪያ እሺ በለን። ነገሩን ከዚያ እንነግርሃለን።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ሰምቻለሁ ምንድነው? ልንለምንህ ነው የመጣነው፣ ልንከስህ አይደለም!»

የክርስትና አባቱ፣ በከዘራ የሚሄዱት ሽማግሌ፣ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጉታ ወንበር አመጣላቸው፤ አልተቀመጡም። ከዚያ ኦቦ ደበላ እኛን ትተው ቀስ ብለው ሄዱና ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆሙ። አባትየው ሲቆሙ እኛም እሸታችንን እንደያዝን ተነሳን፤ ምን እናድርግ? ዮናስ ወደ ጉታ ጆሮ ጠጋ ብሎ «በናትህ እሺ በላቸው፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ናቸው» አለው። ሰምቼዋለሁ። «እስከ መጨረሻው!» ይል የነበረው ዮናስ።

ኦቦ ደበላ «ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቶሌ ጄዺ።» እሺ በል።

ጉታ እርሳሱን እንደሚፈልግ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። እርሳስ አልነበረም።

«ቶሌ» አለ።

ተቀመጡ። መረቁት፣ ትከሻውን ሳሙት፤ እናቱ ከጓዳ እልል አሉ። ነገሩን የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። አቶ መኮንን ሽማግሌዎቹን የላኩት ስለ ዲግሪ ነግረዋቸው አይደለም። «ልጄ አኩርፎኛል፣ ሥራም ትቷል፤ አስታርቁን» ነው ያሏቸው። የእኛ የሥራ ማቆም፣ የቅድስት እንባ፣ የካዝናው ቁልፍ፣ ሁሉ ነገር የአንድ ልጅ ኩርፊያ ሆኖ ተፍኪ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አባትና ልጅ ለማስታረቅ ነው በዚያ ፀሐይ የቆሙት፤ እነሱን እንዴት ልቆጣ? «ነገ ሥራችሁን ጀምሩ፤ እሱም የልባችሁን ጥያቄ እንደ አባት ያየዋል» ብለው ጨረሱ። ጉታ «አባቶቼ፣ ነገሩ እኮ…» ብሎ ሊያስረዳ ጀምሮ ነበር። ቄሱ እጃቸውን አነሱ። «እሺ ብለሃል፤ አለቀ።»

ማታ በሚኒባስ ስንመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም ማለት አቃተኝ። «እሺ አልክ እኮ» አልኩት።

«ቶሌ ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ሰበታ እስክንገባ በመስኮቱ ሲያይ ቆየ። «የለውም» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈተ። እሱ ሲከፍት ሌላው ሁሉ ከፈተ፤ አንዳንዱ እፎይ እያለ ነው የከፈተው፣ አይቼዋለሁ። እኩለ ቀን ሳይሞላ «ተሽጧል» የሚለው ወሬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ያስጀመረው ዮናስ ነው። «ሽማግሌ ፊት ምን ቃል ተገብቶለት ይሆን?» ይል ነበር፤ እዚያ ቆሞ እሸት እየበላ ያየ ሰው! ጮክ ብዬ እውነቱን ተናገርኩ፤ ማንም መስማት አልፈለገም። ጉታን «አንተስ ለምን አትናገርም?» ስለው «ከፍቻለሁ አይደል?» አለኝ። የሱሉልታውን መጋዘን ስሌት በሙሉ ጨረሰ፤ ከማንኛውም ሥራው አብልጦ ተጠነቀቀበት። እሺ ብሎ ነበራ።

አቶ መኮንንም ቃላቸውን ጠበቁ ማለት ይቻላል፤ ነገሩን ያዩት ጀመር። በየወሩ ስንጠይቃቸው «እያየሁት ነው ልጆቼ» ይሉናል። እንዳዩት ቀሩ። ቢሮው ውስጥ ከዚያ በኋላ የነበረው አየር ምኑ ይወራል። ንድፍ እንስላለን እንጂ ማንም ለሥራው አይጨነቅም፤ ስህተት ያየ «የኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። ሐሙስ ሐሙስ ቁርጥ ቤት እንሄዳለን፣ እንጎርሳለን፣ እንመለሳለን። በመጨረሻ ሁሉም አንድ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ እየሄደ ዲግሪዬ ታክሲ ውስጥ ጠፋብኝ እያለ ምትክ አወጣ። ዮናስ እንዲህ ወጣ። ቅድስት እንዲህ ወጣች። እኔም እንዲሁ።

ጉታ ግን እምቢ አለ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማር ተወዳድሮ ያለፈ ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ማስተማር ይወድ ነበር፤ እኔን እንኳ የቢም፣ የአግዳሚ ተሸካሚ፣ ስሌት ያስተማረኝ በእንጀራ ላይ ሹካ አጋድሞ ነው። የሚፈልጉት ኦርጂናሉን ብቻ ነበር።

«ጠፋብኝ በል፤ በቃ» አልኩት።

«አልጠፋም» አለኝ። «ዓለም ገና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራጫው ካዝና ውስጥ ነው ያለው። ያለበትን እያወቅኩ ጠፋ ብዬ ልፈርም?»

«እንግዲያው ክሰሳቸው!»

«ሽማግሌ ፊት እሺ ብዬ? አባቴ ከነሱ ጋር ቆሞ?»

ሰማይ ቢደረመስ ከዚያ አልነቃነቅ አለ። ተናደድኩበት፤ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። እስከ ዛሬም እናደድበታለሁ። የሰው ሁሉ እሺ ነፋስ በሆነበት አገር፣ አንድ እሺ ብሎ ዕድሜውን ይከፍልበታል? እኔስ ይህን ጥያቄ ለማን ነው የምጠይቀው? ለሱ ነው ለአቶ መኮንን?

ከቢሮው ሲለቅ መልቀቂያም አልሰጡትም። «ቤተሰብ አይለቅም» አሉት አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰበታ ላይ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላፕቶፑን ዘርግቶ የግለሰብ ቤት ይሠራ ነበር። ያለ ዲግሪው የሙያ ፈቃድ ስለማያገኝ በሥራው ላይ የሚፈርመውና የሚያትመው ሌላ ነው። ሰበታና ዓለም ገና ውስጥ በጉታ ስሌት የቆሙ ስንት ቤቶች አሉ፤ በአንዱም ወረቀት ላይ ስሙ የለም። በዚያ ሳልፍ ከባጃጅ ወርጄ ሰላም እለዋለሁ። «አካም ጅርታ አርክቴክት?» ይለኛል። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። እየከሳ መሄዱን አይቻለሁ፤ ታከም ስለው «ሰምቻለሁ» አለኝ። ጉበቱ ነበር አሉ። ሆስፒታል የገባው ከረፈደ በኋላ ነው።

ቀብሩ አልፎኝ ለሠልስቱ ተፍኪ ሄድኩ። ያ እሸት የበላንበት ግቢ ድንኳን ተተክሎበታል። ኦቦ ደበላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በጣም አርጅተዋል። ያ የምርቃት ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። የድሮ ቢሮ ልጆች አንድ አግዳሚ ሞልተናል፤ ዮናስ ጥቁር ኮት ለብሶ ዳር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹም አሉ፤ የክርስትና አባቱ ግን ቀድመውት ሄደዋል።

አቶ መኮንን የገቡት እኩለ ቀን ላይ ነው። ካኪ ፖስታ ይዘዋል። ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ ሁላችንም አወቅነው። ድንኳኑ መሀል ሲደርሱ ቆሙና እያለቀሱ ተናገሩ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

«ልጄ ነበር» አሉ። «ቤተሰብ ነበርን። አደራውን ይዤ መጥቻለሁ።» ፖስታውን ለኦቦ ደበላ በሁለት እጃቸው ሰጡ።

ኦቦ ደበላ ከፈቱት። ወፍራሙን ወረቀት አወጡ፣ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ወረቀቱ ይሄ ነው?»

«አዎ ኦቦ፣ ይሄ ነው» አልኳቸው።

«ያኔ ሽማግሌዎቹ እዚህ የመጡ ጊዜም መሥሪያ ቤቱ ከልክሎት ነበር?»

«ከልክሎት ነበር። ጥያቄው እሱ ነበር።»

ኦቦ ደበላ ወረቀቱን መልሰው ከፖስታው ከተቱት። አቶ መኮንን አንገታቸውን ደፍተው «ኦቦ ደበላ፣ ያጠፋሁት ካለ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር አቀረበላቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም» አሉ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ቆሞ የለመነ ሰው እምቢ አይባልም። መጀመሪያ የተነሳው ዮናስ ነው፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ቄሱም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሰው ሁሉ ቆሞ የአንድ ሽማግሌ አፍ ያያል። እኔ ግን ተቀምጬ ቀረሁ።

ኦቦ ደበላ ወደ ፎቶው አዩ፤ ከዚያ ወደ አቶ መኮንን።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ፖስታውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡና እጃቸውን ለሕዝቡ ዘረጉ። «ታኣ። ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?»

ሰዉ ተቀመጠ። ዮናስም ተቀመጠ። አቶ መኮንን ብቻ ቆመው ቀሩ።